ምንም የለም፣ ነይ

በአማርኛ ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ አምርሬ የምጠላው «ምንም የለም፣ ዝም ብለሽ ነይ» የሚለውን ነው። ስድብ እችላለሁ። ሐሜትም ለምጄዋለሁ። ይህን ግን አልችልም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል። በሥራ ቀን፣ ባልተለመደ ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ሰው ደውሎ «ምንም የለም» ካላችሁ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን እንደሞተ ቤት ስትደርሱ ትሰማላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ፣ በስልክ ሳይነግሯችሁ ይነግሯችኋል።

ይህን የምጽፈው ተረጋግቼ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ከሆነ ቆይቷል፤ ሳስታውሰው ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ በአንድ የግል ድርጅት የነበረኝን የሂሳብ ሥራ ለቅቄ «ሰዓሊ ነኝ» ማለት የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ማለት ብቻ። የለቀቅኩት ስዕል ልሥራ ብዬ ነው፤ ለቅቄ ያደረግኩት ግን መገናኛ አካባቢ ካፌ እየቀያየርኩ ማኪያቶ መጠጣት ነው። ከመሰሎቼ ጋር ክብ ሠርተን ሀሳብ እንጠብቃለን። አንዱ «ሙዱ አልመጣልኝም» ይላል። ሌላዋ ስልኳ ላይ የሰው አገር ስዕል እያገላበጠች «ኢንስፓየር እየሆንኩ ነው» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ስለ ጥበብ እንከራከራለን፤ ሲመሽ ወደየቤታችን እንበተናለን። ሀሳብ የሚባለውን ነገር ተሰልፈን ብንጠብቀው እንደ ታክሲ የሚመጣልን መስሎን ነበር። እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። እጄ ላይ አንድም የረባ ስዕል አልነበረም።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ «እውነተኛ ሰዓሊ ሀሳብ አይፈልግም፤ ሀሳቡ ራሱ ነው ሰዓሊውን የሚፈልገው» አለና ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን በድንገት ንዴት አነቀኝ። የእኔ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከንዴት ነው። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የመሳያ ጣውላዬንና ወረቀቴን ይዤ ከሲግናል ቀበና፣ ከቀበና ፈረንሳይ በታክሲ ሄድኩ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ጫካ በእግሬ ወጣሁ። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ የተቆረጠ የባህር ዛፍ ጉቶ አገኘሁ። ዙሪያውን አዳዲስ ቀንበጦች አቆጥቁጠውበታል። አያምርም። ማንም አጠገቡ ቆሞ ፎቶ አይነሳም። ከአሁን በኋላ ሀሳብ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ይህንኑ ጉቶ እስላለሁ፤ ወረቀቱ ሳይሞላ አልነሳም፤ ቢያስጠላኝም እስላለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ደግሞም አስጠላኝ። ለብዙ ሳምንታት የሳልኩት ሁሉ ጎመን ይመስል ነበር። እየቀደድኩ ጣልኩ። ግን ሄድኩ፤ ሲዘንብም፣ ጭቃው ጫማዬን ሲያስቀረኝም ሄድኩ።

ያስቸገረኝ ጉቶው ሳይሆን ቤተሰቤ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲግናል ገባ ብሎ ባለው ቤታችን ውስጥ እሱ፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማልና እኔ ነን የምንኖረው። ቢሮ እያለሁ ማንም በሥራ ሰዓት አይደውልልኝም ነበር። ጫካ መውጣት ስጀምር ግን የሰፈሩ ሥራ ፈት ሆንኩ። «ውሃ መጥቷል፣ በርሜል የሚሞላ የለም»፣ «የአክስትሽ ልጅ ልትጠይቀን መጥታለች»፣ «ስትመለሺ ጋዝ ይዘሽ ነይ»። ከሁሉ የባሰው ጀማል ነው። መሪ አካባቢ የቤት ዕቃ መሸጫ አለው፤ ለደንበኞቹ ስለ እኔ ሲያወራ «እህቴ ዛፍ ታያለች» ይላቸዋል።

አንድ ማታ እራት ላይ ትዕግስቴ አለቀ።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰው ካልሞተ በቀር እንዳትደውሉልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ አፍሽን በኸይር ክፈቺ» አለ አባቴ። ጀማል ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኬ እውነትም ጠዋት ጠዋት ዝም አለ።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ቀን ነው። ሰማዩ ከጠዋቱ ደመና አርግዞ ነበር። ጉቶው ፊት ተቀምጬ እንደ ልማዴ ቀንበጦቹን መሳል ጀመርኩ፤ እንደ ልማዴም ተበላሸብኝ። በብስጭት ቀንበጦቹን ተውኳቸውና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በከሰል ማጥቆር ያዝኩ። ሳላስበው ቀንበጦቹ ነጭ ሆነው ከጥቁሩ ውስጥ ወጡ። እጄን አላቆምኩም። ለወራት የተሸከምኩት ጎመን ጠፍቶ፣ ተቆርጦም አልሞትም ያለ ግንድ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ትልቅ ወረቀት ነው፤ ገና ግማሹ ይቀረዋል። ይህን ከጨረስኩ በቃ ሰዓሊ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ስልኬ ጮኸ። አባባ ደጀኔ ናቸው።

አባባ ደጀኔን ላስተዋውቃችሁ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ እድር ውስጥ ስለሆንን፣ በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሟችን ልጆች ከያሉበት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፣ ለስለስ ያለ ነው። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ያንን ድምፅ ስልካቸው ላይ ከመስማት ይጠብቀን እያልን ነው ያደግነው። እናቴ የሞተች ቀንም የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው።

«ፎዚያ ልጄ፣ የት ነሽ?»

«እንጦጦ ነኝ አባባ። ምነው?»

«ምንም የለም። እስቲ ቤት ድረስ ነይ።»

«ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ምንም የለም፣ ዝም ብለሽ ነይ። ደግሞ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ እንዳትወድቂ።»

እናቴ የሞተች ቀንም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። ቃል አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰም።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። ጀማል ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩለት፤ ዘጋብኝ። ጀማል ስልክ ይዘጋል እንዴ? መናገር አቅቶት ነው አልኩ። ጣውላውን፣ ወረቀቱን፣ ቦርሳዬን እዚያው ጥዬ መሮጥ ጀመርኩ።

ያንን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ወድቄ ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ተቀደደ፤ ሻርፔ የሆነ ቅርንጫፍ ላይ ቀረ። መንገዱ ላይ ስደርስ ተውበው ፎቶ የሚነሱ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ስልኳን ዘርግታ «ሲስ፣ ፕሊስ አንዴ አንሺን» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት እዚህ አልጽፈውም።

ፈረንሳይ ታክሲው ቆሟል። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ እኔ ገብቼም «አንድ ሰው!» ይላል።

«ንዳው!» አልኩት።

«እህት፣ ሳይሞላ አይሄድም።»

«አባቴ ሞቶብኛል! ንዳው!»

ያንን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አጠገቤ የነበረች ሴት ከቦርሳዋ ነጠላ አውጥታ ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝና ትከሻዬን አቀፈች። «ታሞ ነበር?» አለችኝ። «ደህና ነበር፤ ጠዋት ደህና ነበር» አልኳት። እሷም አለቀሰች። የራሷን አባት አስታውሳ ይሆናል። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ።

እኔ በልቤ ሰዓት እያሰላሁ ነበር። እኛ ዘንድ ሟች አያድርም። ጠዋት ከሞተ ከቀትሩ ዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። የሚያጥቡት ወንዶች ናቸው፤ ሴት ደግሞ መቃብር አትወርድም። ካልደረስኩ ፊቱን ሳላይ ይወስዱታል። ይህን ሳስብ አባቴን ለመሳል እንደሚፈልግ ሰው በሐሳቤ ፊቱን ለማምጣት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ወላሂ፣ አልመጣልኝም! አባቴ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ስለሆነ ፊቱን እንድስለው ፈቅዶልኝ አያውቅም፤ እኔም አክብሬለት አስተውዬ አላየሁትም። ያንን የተረገመ ጉቶ ግን ቁስል በቁስል አውቀዋለሁ። የትኛው ቀንበጥ ከየት እንደወጣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። የአባቴ ቅንድብ ወፍራም ይሁን ቀጭን አላውቅም ነበር። ጥርሴን ነክሼ ራሴን ሰደብኩ።

ቀበና ስንደርስ ረዳቱ ሒሳብ አልቀበል አለኝ። ወርዶ ወደ ሲግናል የሚሄድ ታክሲ ሹፌር ጋ ሮጠና «ሐዘንተኛ ናት፣ ሳትቆም አድርሳት!» አለው። ያም ሳይቆም አደረሰኝ።

በራችን ላይ ድንኳን የለም። ገና አልተከሉም አልኩ። ግቢው ክፍት ነው። ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው የማላውቀው የሚያብረቀርቅ የወንድ ጫማ አለ። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ ደጃፍ የሚደረደር ጫማ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«አባዬን! አባዬን! ሳላይህ!» እያልኩ ድምፄ በሰፈሩ እስኪያስተጋባ ጮኼ ገባሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ጀማል ከረባት አስሮ ቁጭ ብሏል። አንድ የማላውቀው ሰው ሳምቡሳ ግማሽ ላይ ገምጦ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አባቴ የኢድ ኮቱን ለብሶ፣ ቆፍያውን ደፍቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ? ማን ነካሽ?» ብሎ ብድግ አለ።

ሄጄ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሞቃት ነው። ጣቶቼ በከሰል ጠቁረው ስለነበር ጉንጮቹ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ጢሙ ውስጥ ሳይቀር ምልክታቸውን ተዉ። ቅንድቡ ቀጭን ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እዚህ ላይ እልል አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደቅኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆነም። ደስታው ዓይን እስኪጨፈን እንኳን አልቆየም። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ንዴት ግን በሕይወቴ አላየሁትም።

«ይኸው መጣች!» አለ ጀማል፣ ለእንግዳው እየሳቀ። «ያልኩዎት እህቴ ናት። ፎዚ፣ እኚህ የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሰዓሊ እየፈለጉ ነው። ጠዋት ገብተሽ ማታ የምትወጪበት ቋሚ ሥራ ነው። ቤት ድረስ መጥተው ሊያነጋግሩሽ...»

«ማነው አባባ ደጀኔን ደውሉላት ያላቸው?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ስልክ መቼ ታነሺያለሽ?»

«አባዬ የሞተ መስሎኝ ነው የመጣሁት!»

«ማን ሞተ አለሽ? ነይ ነው ያሉሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። «ደግሞስ አንቺ አይደለሽ፣ ሰው ካልሞተ እንዳትደውሉልኝ ያልሽው? በሌላ መንገድ ትመጪ ነበር?»

ስለዚህ ያውቅ ነበር። የአባባ ደጀኔ ድምፅ እንደ ምን እንደሚያመጣኝ አውቆ ነው ያስደወለው። ስልኬንም የዘጋብኝ አውቆ ነው፤ የአባቴ ስልክ ለካ ጓዳ ተረስቶ ኖሯል።

እንግዳው አፉን በሶፍት ጠረገና በትህትና ፈገግ አለ። «አይዞሽ፣ አርቲስቶች ትንሽ ስሜታዊ ናችሁ። እኛ ጋ ግን እሱን ወደ ፕሮዳክቲቪቲ እንቀይረዋለን» አለኝ።

የያዝኩት ዕቃ ስላልነበረ ምስጋናውን ለአላህ ያቅርብ።

መልስ ሳልሰጠው ከውጭ ዋይታ ተሰማ። ጩኸቴን የሰሙት ጎረቤቶች ናቸው። አባቴ ሞተ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢውን ሞሉት። አንዷ ጎረቤታችን «ደጉን ሰው! ደጉን ሰው!» እያለች በሩን አልፋ ስትገባ አባቴ ፊቷ ቆሟል፤ ጉንጩ ላይ የጥቁር ጣት ምልክት አለበት። ወደ ኋላዋ ተንደርድራ ከኋላዋ ያሉትን ይዛ ወደቀች። የሳቀ የለም። ቢያንስ በዚያ ሰዓት የሳቀ የለም።

«አልሞትኩም፤ ተነሱ» አለ አባቴ። «ደግሞ ያለቀሳችሁ ሁሉ ግቡ፣ ሩዝ ተሠርቷል።»

አባባ ደጀኔ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉም ኋላ ደረሱ። አባቴን አዩት። እኔን አዩኝ፤ ሱሪዬን፣ ጉልበቴን፣ የሰው ነጠላ ለብሼ መቆሜን። ከዚያ ጀማልን አዩት። ማንም ምንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«ጀማል» አሉ። «'ስልኬን አታነሳልኝም፣ እንግዳ ስላለን ደውለው ይጥሩልኝ' አላልከኝም?»

«አዎ አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አፌ የለመደውን ተናገርኩ። አንተ ግን አፌ ምን እንደለመደ ታውቃለህ። በእኔ ድምፅ ነው ይህችን ልጅ ያረድካት።» ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ነገ ለአንዱ ስደውልለት 'ጀማል ለምሳ ልኳቸው ይሆናል' ብሎ ቢቀርስ? እናቱን ሳይቀብር ቢቀርስ? ምን ትለኛለህ?»

ጀማል ወደ አባቴ ዞረ። «አባዬ፣ አንተም እኮ ጥሩልኝ ብለሃል!»

አባቴ እንግዳውን ተመለከተ፤ ከዚያ ጀማልን። «ደውሉላት አልኩ እንጂ ግደሉኝ አላልኩም» አለ።

እንግዳው ተነስቶ የሚያብረቀርቅ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ጫማ ከላዩ ላይ ስለተከመረበት ብዙ ደከመ። በበሩ ሲያልፍ ካርዱን ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ቀድጄ ጣልኩት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ደግሞ ይድገመውና ደግሜ እቀድድለታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ወረቀቴን እያሰብኩ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫካው ስወጣ ቦርሳዬ የለም፤ ጣውላዬም የለም። ሌባው ወረቀቱን ከጣውላው ላይ ፈትቶ ትቶልኝ ሄዷል። ከሰሉ ታጥቦ፣ ወረቀቱ ጉቶው ሥር ጭቃ ላይ ተለጥፎ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኗል። ያ የቆመው ግንድ የለም። ለወራት የለፋሁበት አንድ ጠዋት፣ ለአንድ ሳህን ሳምቡሳ ሲባል ታጥቦ ሄደ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ በጩኸት አለቀስኩ። ለአባቴ እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

እንባዬ ሲያልቅ ጉቶውን ለመሳል አየሁት። የማየው ግን እሱን አልነበረም። የማየው አባቴን ነበር፤ ትናንት በእጄ የያዝኩትን ፊት። ተነስቼ ወደ ቤት ወረድኩ።

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ትናንት ጠዋቴን ወስዳችሁብኛል። ካሣ እፈልጋለሁ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ተቀመጥልኝ። ልሳልህ።»

ሬዲዮውን ዘጋ። «ፊት አይሆንም ልጄ። ታውቂያለሽ። ፊት የፈጣሪ ሥራ ነው፣ በዚያ አታስቸግሪኝ።»

«ጀርባህን ስጠኝ።»

«ጀርባዬ ምን አለው?»

ምን እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከንጋቱ ሱብሂ ሶላት በኋላ ዱካ ላይ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠልኝና አየሁ። ግራ አንገቱ ከቀኙ ይጠቁራል፤ ዕድሜውን ሙሉ በመኪናው መስኮት በኩል ፀሐይ የመታው ጎን ነው። ቀኝ ትከሻው ማርሽ ሲስብ የኖረ ስለሆነ ዝቅ ብሏል። ወገቡ ላይ ኮቱ የሚሳብበት ቦታ አለ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከስቶ በራሱ እጅ አዲስ ቀዳዳ የበሳለት ቀበቶ፣ ጫፉ ተርፎ ወደ ጀርባው ዞሯል። ሀሳብ ፍለጋ ተራራ ስወጣ ይህ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ይህም አናደደኝ፤ በዚህኛው ንዴት ግን ሣልኩበት።

ጉቶው ላይ የተማርኩት ሁሉ አልጠፋም። ክፍተቱን ማየት፣ የተበላሸውን ሳይቀድዱ መቀጠል፣ ወረቀቱ ሳይሞላ አለመነሳት እጄ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አዲስ የተጨመረው አባቴ ነው። እኔ ስሰንፍ እሱ አይሰንፍም። ሹፌር ነው፤ መኪና በመነሻ ሰዓቱ ካልተነሳ መንገዱ ሁሉ ይበላሻል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ብርድ ልብሴን ስቤ ልተኛ ባልኩባቸው ጠዋቶች ከሳሎን ያስላል። ስወጣ ዱካው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ጀርባውን አዙሮ የሚጠብቅን አባት ትቶ የሚተኛ ካለ እስቲ ንገሩኝ። «ሙዱ አልመጣልኝም» ብለው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «ይምጣ አይምጣ እኔ መጥቻለሁ» ይለኛል።

እነዚያን ጀርባዎች በኋላ ሰው አያቸው። አንዳንዱ «ለምን ፊት የላቸውም? ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። አባቴ ስላልፈቀደ ነው እላለሁ። ሌላ ጥልቅ ነገር የጠበቀው ሰው ቅር ይለዋል። ይበለው።

ጀማልን ይቅር ብያለሁ ወይ? አንድ ማዕድ እንበላለን። ይቅር አላልኩትም። በእነዚያ ታክሲ ውስጥ በነበሩት ሰዎች ስም ጭምር ነው የማልለው። ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችኝ፣ ከእኔ ጋር ያለቀሰችው ሴት የት ትገኝ ይሆን? ነጠላዋ ታጥቦ ታጥፎ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚጽፍ፣ የሚስል፣ ክራር የሚቃኝ ሰው ካለ፣ ቁጭ ብሎ ስታዩት ነፃ ነው ብላችሁ አትጥሩት። ነፃ አይደለም። ግድ ካላችሁም እውነቱን ነግራችሁ ጥሩት። የምትስሉትም ደግሞ ካፌውን ልቀቁ፤ ሀሳብ እዚያ አይመጣም፣ እኔ ጠብቄዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ጠዋት አባቴን እየሳልኩ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ትከሻው እንዳይነቃነቅ ተጠንቅቆ በጣቱ ጫፍ አወጣው። ጀማል ነው፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል፤ የሚቀበለው ዕቃ ስላለ አንድ ሰው ወደ ሱቁ እንዲመጣለት ይፈልጋል። «ፎዚያን ላካት» ይላል።

አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

«ሥራ ላይ ናት» አለው። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «እኔም ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋበት።